የማይታመነው ክንድ፦ ስለ ሚቼል ጆንሰን የተደረገ ምልልስ

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። አጎት ብዙ ዘመን በሜልበርን ከተማ፣ በፉትስክሬይ ሰፈር የኖሩና ክሪኬትን ከልባቸው የሚከታተሉ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ አድጋ የታዳጊ ሯጮች አሠልጣኝ የሆነች ወጣት ናት። ክሪኬትን ገና አታውቀውም፤ የስፖርተኛ አቋም መውጣትና መውረድ ግን በየቀኑ የምታስብበት ጉዳይ ነው።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ ያሳዩኝ ሁለት ቪዲዮዎች የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ማመን ከብዶኛል። በአንደኛው ኳሷ ከመቺው ርቃ ትሄዳለች፤ ተመልካቹም ይሥቃል። በሌላው ደግሞ ሰውዬው ገና መንደርደር ሲጀምር መቺዎቹ ፊታቸው ይለዋወጣል።

አጎት፦ ሁለቱም ሚቼል ጆንሰን ነው። አውስትራሊያ ካፈራቻቸው ፈጣን ወርዋሪዎች የእርሱን ያህል ያጨቃጨቀን የለም። 73 የቴስት ጨዋታ ተጫውቶ 313 ዊኬት ወስዷል። የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ብሎ ሁለት ጊዜ ሸልሞታል፤ በ2009 እና በ2014። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። በሁለቱ ሽልማቶች መካከል ግን ከቡድን ወጥቷል፣ ተዘፍኖበታል፣ ጨዋታውን እርግፍ አድርጎ ለመተውም አስቧል።

የእህት ልጅ፦ ከዚያ በፊት ጨዋታውን ያስረዱኝ። ዊኬት የሚሉት ምንድን ነው?

አጎት፦ በሜዳው መካከል 20 ሜትር ያህል የሚረዝም የተደለደለ መሬት አለ። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። መቺው እንጨቶቹ ፊት ቆሞ በዱላው ይከላከላቸዋል፤ ኳሷን ራቅ አድርጎ ከመታትም ከጫፍ ጫፍ እየሮጠ ነጥብ ያገባል። ወርዋሪው ከወዲያኛው ጫፍ ተንደርድሮ መጥቶ ይወረውራል። ኳሷ እንጨቶቹን ከመታች፣ ወይም መቺው የነካት ኳስ መሬት ሳትደርስ ከተቀለበች መቺው ይወጣል። ያ ለወርዋሪው አንድ ዊኬት ነው። አሥር መቺ ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያበቃል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል፤ ቴስት የሚባለው ጨዋታ ደግሞ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። የወርዋሪ ሒሳብ እንግዲህ ሁለት ነው፦ ስንት ዊኬት ወሰደ፣ ስንት ነጥብስ ተቆጠረበት?

የእህት ልጅ፦ ኳሷስ? ቪዲዮው ላይ ስትነጥር ድንጋይ ነው የምትመስለው።

አጎት፦ ውስጧ ቡሽ፣ ላይዋ ቆዳ ነው፤ 160 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ጠንካራ ናት። ጆንሰን በደህና ቀኑ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይወረውራት ነበር። መቺው አይቶ፣ ወስኖ፣ ዱላውን የሚያነሣበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ መሬት ነጥራ ወደ ደረት፣ ወደ አገጭ፣ ወደ ራስ ትነሣለች።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ ይህን የመሰለ ጉልበት ያለው ሰው ለምን እንደዚያ ይስታል? በሙያዬ ልናገር፤ አንድ ልጅ ዛሬ በርሮ ነገ ሲንፏቀቅ መጀመሪያ የምጠረጥረው ልምምድ አጓድሏል ብዬ ነው። ካላጓደለም ልቡ አልቆረጠም እላለሁ።

አጎት፦ ስለ እርሱም ያሉት ይህንኑ ነው። «ጉልበት አለው፣ ልብ የለውም» አሉ። እኔ ግን ወደ ልቡ ከመሄዳችን በፊት ክንዱን እንይ እላለሁ። አብዛኞቹ ፈጣን ወርዋሪዎች ክንዳቸው ከጆሯቸው አጠገብ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። የጆንሰን ክንድ ከጎን ዞሮ ነው የሚመጣው። አገር ቤት ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፍ ሲያዞር አይተሽ የለ? ኃይሉ ያለው ከዙሩ ላይ ነው፤ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ግን ገመዱ የተለቀቀበት ቅጽበት ነው። ትንሽ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ወፏ ትተርፋለች፣ ድንጋዩም ጎረቤት ማሳ ይወድቃል።

የእህት ልጅ፦ ምን ያህል ቢሳሳት ነው ያንን ያህል የሚርቀው?

አጎት፦ አስይው። ሦስቱ እንጨቶች በአንድ ላይ ስፋታቸው 23 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ኳሷ ከእጁ ወጥታ መቺው ዘንድ እስክትደርስ 18 ሜትር ያህል ትጓዛለች። በዚህ ርቀት የአንድ ዲግሪ መዛነፍ ኳሷን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመንገዷ ያወጣታል። አንዲት ዲግሪ ኳሷን ከመካከለኛው እንጨት አንሥታ ከሦስቱም ውጭ ታደርጋታለች ማለት ነው። ክንዱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ወርዋሪ የሚለቅበት ጊዜ ሲያመልጠው ኳሷ ትረዝማለች ወይም ታጥራለች እንጂ መሥመሯን ብዙም አትስትም። ክንዱ ከጎን የሚዞር ሲሳሳት ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው የሚሳሳተው፤ ያ ደግሞ ከሩቅ ለተቀመጠ ተመልካች ሁሉ ይታያል።

የእህት ልጅ፦ ክንዱን ማቃናት ነበራ!

አጎት፦ ቢያቃኑትስ ፍጥነቱ ከየት ይምጣ? ፍጥነቱን የሰጠው ያው ዙር ነው። ግራኝ ስለሆነ ኳሱ ቀኝ እጅ መቺ ባልለመደው አቅጣጫ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ክንዱ ዝቅ ብሎ ከጎን ስለሚዞር መቺው ኳሷን ቶሎ አያያትም። የሚያስፈራውና የሚያሥቀው ጆንሰን ከአንድ ክንድ ነው የወጡት። አንዱን ቆርጠሽ ሌላውን ልታስቀሪ አትችይም።

የእህት ልጅ፦ ሲጀምርስ እንዴት ነበር?

አጎት፦ በ1981 በኩዊንስላንድ፣ ታውንስቪል ተወለደ። በልጅነቱ የሚወደው ቴኒስ ነበር፤ አርአያውም ፒት ሳምፕራስ። 17 ዓመት ሲሆነው ብሪስበን ለወርዋሪዎች የተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ዴኒስ ሊሊ አየው። ሊሊ በ1970ዎቹ ዓለምን ያንቀጠቀጠ ፈጣን ወርዋሪ ነው፤ 355 ዊኬት አለው። ልጁን እንዳየ በትውልድ አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው ብሎ መሰከረለት።

የእህት ልጅ፦ ይህ ምስክርነት ነው ወይስ ሸክም? የ17 ዓመት ልጅ እንዲህ ሲባል ሰምቶ እንዴት ይተኛል?

አጎት፦ እውነትሽን ነው። ጀርባው ደግሞ ሸክሙን አልቻለም። አጥንቱ እየተሰነጠቀ ተኛ። የኩዊንስላንድ ቡድን ውሉን ሳያድስለት ቀረ፤ እርሱም የቧንቧ ዕቃ የሚያመላልስ መኪና እየነዳ ኖረ። ከዚያ ተመልሶ ነው በ2005 መጨረሻ ለአገሩ የመጀመሪያውን የአንድ ቀን ጨዋታ የተጫወተው። ቴስት የጀመረው በኅዳር 2007 ነው። ጊዜውን ልብ በይልኝ፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ግሌን መግራዝና ሼን ዋርን በአንድ ቀን ከቴስት ወጥተዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ1,200 በላይ ዊኬት ነው። አዲሱ ልጅ ያንን ጉድጓድ ሙላ ተባለ።

የእህት ልጅ፦ ሞላው?

አጎት፦ መጀመሪያ ላይ የሞላው መስሎን ነበር። በታኅሣሥ 2008 ፐርዝ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሲጫወት 61 ነጥብ ተቆጥሮበት 8 ዊኬት ወሰደ። ከእነዚያ መካከል አምስቱን የወሰደው በ21 ውርወራ ውስጥ ነው፤ በዚያ ሁሉ የተቆጠረበት 2 ነጥብ ብቻ። ግን ጨዋታውን አውስትራሊያ ተሸነፈች፤ ደቡብ አፍሪካ የመጨረሻውን 414 ነጥብ አሳድዳ ደረሰችበት። ጥር ላይ ሲድኒ የደቡብ አፍሪካውን አምበል የግሬም ስሚዝን እጅ ሰበረ። ስሚዝ ጨዋታውን ለማዳን እጁ እንደተሰበረ በመጨረሻ ወጣ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ውርወራ ሲቀረው ጆንሰን እንጨቱን መትቶ አስወጣው። መጋቢት ላይ ደርባን ሌላኛውን እጁን ሰበረው። ኬፕታውን ላይ ደግሞ ዱላ ይዞ ገብቶ ሳይወጣ 123 ነጥብ አስቆጠረ። የ2009 ሽልማት የመጣው ከዚህ ነው።

የእህት ልጅ፦ ከዚያስ ምን ነካው?

አጎት፦ ሽልማቱን ባገኘበት በዚያው ዓመት ሐምሌ ወደ እንግሊዝ ሄደ። የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ፉክክር አሽስ ይባላል፤ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚካሄድ፣ ለሁለቱም አገር ከሁሉ የሚበልጥ ጨዋታ ነው። ሎርድስ በሚባለው ሜዳ ክንዱ ከዳው፤ በመጀመሪያው ተራ ሦስት ዊኬት ወስዶ 132 ነጥብ ተቆጠረበት። እንግሊዝ በዚያ ሜዳ ከ1934 ወዲህ አውስትራሊያን አሸንፋ አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ አሸነፈች። የቤተሰቡ ጉዳይም በዚያ ሰሞን የጋዜጣ ወሬ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኅዳር 2010 ብሪስበን መጣ። ያየሽው የመጀመሪያው ቪዲዮ ይህ ነው። በሁለቱ ተራ በድምሩ 170 ነጥብ ተቆጠረበት፤ የወሰደው ዊኬት ዜሮ። ዱላ ይዞ ሲገባም 19 ኳስ አይቶ ያለ ነጥብ ወጣ። ባርሚ አርሚ የሚባሉት የእንግሊዝ ደጋፊዎች ኳሱ ግራ ቀኝ እንደሚሄድ የሚያላግጥ ዘፈን ነበራቸው። ሊወረውር ሲንደረደር ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ይዘፍንበት ነበር።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ ዘፈኑ ያሳዝናል፤ እኔ ብሆን ግን በማግስቱ አስቀምጠው ነበር። አንድ ሰው እስኪሳካለት ድረስ ሌሎቹ አሥሩ ለምን ይጎዳሉ? ለእርሱ የተሰጠችው ቦታ የሌላ ልጅ ቦታ ናት።

አጎት፦ አስቀመጡት። ለቀጣዩ የአደሌይድ ጨዋታ አልመረጡትም። ትክክል ነበሩ፤ በዚህ አልከራከርሽም። ከዚያ ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፐርዝ ላይ መልሰው አስገቡት። በአየር ላይ እየታጠፈች ወደ መቺው የምትገባ ኳስ ይዞ መጣ፤ በመጀመሪያው ተራ 38 ነጥብ ተቆጥሮበት 6 ዊኬት፣ በሁለተኛው 3 ዊኬት ወሰደ። ራሱም 62 ነጥብ አገባ፤ አውስትራሊያ አሸነፈች። ያቺ ኳስ ብሪስበን ላይ አልነበረችውም፤ ሲድኒ ላይም መልሶ አጣት። በመጨረሻው የሲድኒ ጨዋታ መላ ሜዳው እየዘፈነበት ገብቶ በመጀመሪያዋ ኳስ እንጨቱ ተመታ።

የእህት ልጅ፦ ይኸው! ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም ማለት ነው። አሠልጣኝን የሚያሳብደው እኮ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ደካማ ቢሆን ያሰናብቱታል፤ ጎበዝ ቢሆን ያምኑበታል።

አጎት፦ አዎ፣ ግን ማሳረፍ ሌላ፣ መጣል ሌላ ነው። ብሪስበን ላይ አሳረፉት። በ2013 ወደ መጣሉ ተቃረቡ። በኅዳር 2011 ጆሃንስበርግ ላይ የእግሩ ጣት ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ራቀ፤ መተውን ያሰበው ያኔ ነው። ሲመለስ በመጋቢት 2013 ሕንድ አገር ሌላ ጣጣ ገጠመው። ቡድኑ ተሸንፎ ስለነበር አሠልጣኙ እያንዳንዱ ተጫዋች እንዴት እንደሚሻሻሉ ሦስት ሐሳብ እንዲያቀርብ አዘዘ። አራት ተጫዋቾች ሳያቀርቡ ቀሩና ከቀጣዩ ጨዋታ ታገዱ፤ አንዱ ጆንሰን ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ወደ እንግሊዝ የሄደው የቴስት ቡድን ውስጥ ስሙ አልነበረም። 31 ዓመቱ ነው፤ ለፈጣን ወርዋሪ ፀሐይ የምታዘቀዝቅበት ዕድሜ።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ ማን አነሣው?

አጎት፦ በ17 ዓመቱ ያየው ሰው። ጆንሰን ወደ ፐርዝ ተዛውሮ ይኖር ነበር፤ ሊሊም እዚያው ነው። አብረው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከክንዱ ጋር አልታገሉም፤ መንደርደሪያውን አረዘሙት፤ ሰውነቱ ሲመጣ ወደ ጎን ሳይጣመም ወደ ዒላማው እንዲያመራ አደረጉት። ጣቱ ተጎድቶ ባረፈባቸው ወራት ደግሞ ሰውነቱን በጂም ገንብቶ ነበር። እግርና ወገብ በአንድ መሥመር ሲመጡ ክንዱ ቢዞርም የሚለቀው ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ሆነ። ዕድልም ረድቶታል፤ ወጣቶቹ ፈጣኖች፣ ፓት ከሚንስ፣ ጄምስ ፓቲንሰን፣ ሚቼል ስታርክ ተጎድተው ስለነበር በኅዳር 2013 ቦታ ተከፈተለት።

የእህት ልጅ፦ ያየሁት ሁለተኛው ቪዲዮ ይህ ነው?

አጎት፦ ይኸው ነው። ብሪስበን ላይ፣ ያው በተዋረደበት ሜዳ፣ የመጀመሪያ ኦቨሮቹ አልሰመሩለትም ነበር። ከዚያ አጭር ነጥራ ወደ አንገት የምትነሣዋን ኳስ ጀመረ። በመጀመሪያው ተራ 4፣ በሁለተኛው 5 ዊኬት። ጆናታን ትሮት ለእንግሊዝ ቡድን እንደ ምሰሶ ይቆጠር ነበር፤ ሁለቴም በጆንሰን ወጣ፤ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ከጭንቀት ጋር በተያያዘ ሕመም ጉዞውን አቋርጦ አገሩ ገባ። አደሌይድ ላይ ደግሞ የሆነውን በደንብ ልንገርሽ። በአንድ ኦቨር ቤን ስቶክስንና ማት ፕራየርን አስወጣ። ቀጥሎ ስቱዋርት ብሮድ ገባ። ብሮድ ከወርዋሪው ጀርባ ካለው ነጭ መጋረጃ ሥር የሚያብለጨልጭ ብረት ዐይኔን ወጋኝ አለ። ሠራተኛ ተጠርቶ ብረቱን መሸፈን ጀመረ። ደቂቃዎች አለፉ፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ጆንሰን መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ኳሷን ይዞ፣ ወፍራም ሪዙን ነፍቶ ይጠብቃል። ብረቱ ተሸፈነ። ብሮድ ተዘጋጀ። የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቹ ኋላ አልፋ እንጨቱን መታች።

የእህት ልጅ፦ ቆይ፣ ይህ እኮ ነው የሚገርመው። ሎርድስ ላይ ቢሆን ያ ሁሉ ጥበቃ ኳሷን ያስትበት ነበር።

አጎት፦ ልክ ነሽ፤ መለወጡ የታየኝ እዚያ ላይ ነው። በዚያ ተራ 40 ነጥብ ተቆጥሮበት 7 ዊኬት ወሰደ። በአምስቱ ጨዋታዎች 37 ዊኬት፤ ለአንድ ዊኬት በአማካይ የከፈለው 14 ነጥብ አይሞላም። አውስትራሊያ 5 ለ 0 አሸነፈች። በየካቲት 2014 ሴንቸሪዮን ላይ ደቡብ አፍሪካን በአንድ ጨዋታ 12 ዊኬት ወሰደባት። ሁለተኛው ሽልማት የመጣው በዚያ ዓመት ነው።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እውነት ተረጋጋ? ወይስ ሌሎቹ ተረጋጉለት?

አጎት፦ ይህን ጥያቄ ብዙ የክሪኬት ጸሐፊ አልጠየቀውም። በ2009 እና በ2010 ጆንሰን የወርዋሪዎቹ መሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወርውር፣ ነጥብ አታስቆጥር፣ ዊኬትም አንተው ውሰድ ነበር የሚባለው። በ2013 ግን አምበሉ ማይክል ክላርክ ሦስት አራት ኦቨር ብቻ እያስወረወረ ያሳርፈው ነበር። በሌላኛው ጫፍ ራያን ሃሪስ፣ ፒተር ሲድልና ኔተን ላየን ነበሩ፤ ኳሳቸውን በአንድ ቦታ እየደጋገሙ የሚያሳርፉ፣ መቺውን ነጥብ የሚያስርቡ ሰዎች። ሃሪስ በዚያ አሽስ 22 ዊኬት ወስዷል፤ ስሙን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። መቺው በእነርሱ ጫፍ ታፍኖ፣ ነጥብ ርቦት ሲመጣ ጆንሰን ይጠብቀዋል። ጆንሰን አንዲት ኳስ ቢስት የሚጎዳው ነገር አልነበረም፤ ሌሎቹ አስቀድመው ከፍለውለታል።

የእህት ልጅ፦ ስለዚህ አለመረጋጋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም ማለትዎ ነው።

አጎት፦ ግማሹ የአሰላለፉ ነበር። ለዚህ አንድ ማስረጃ ልስጥሽ። መግራዝ በክሪኬት ታሪክ የእርጋታ ምሳሌ ነው፤ በ124 ጨዋታ 563 ዊኬት። ሁለቱን ስታነጻጽሪ፣ መግራዝ አንድ ዊኬት ለመውሰድ በአማካይ 52 ገደማ ውርወራ ያስፈልገው ነበር። ጆንሰን 51።

የእህት ልጅ፦ እኩል ማለት ነው?

አጎት፦ እንዲያውም ጆንሰን በጥቂቱ ይፈጥናል። የሚለያዩት በዋጋው ነው፤ ለእያንዳንዱ ዊኬት በመግራዝ ላይ የተቆጠረው 21.64 ነጥብ፣ በጆንሰን ላይ 28.40። የተዘፈነበት ሰው ዊኬት በመውሰድ ከተደነቀው አላነሰም፤ ያስወጣው ወጪ ግን ይበልጥ ነበር። ያንን ወጪ የሚሸከምለት ቡድን ሲያገኝ ዓለምን አንቀጠቀጠ፤ ብቻውን ተሸከም ሲባል ወደቀ።

የእህት ልጅ፦ መግራዝ ይበልጣል ግን።

አጎት፦ ይበልጣል፤ አልክድም። ሰባት ነጥብ በአንድ ዊኬት ላይ ትልቅ ልዩነት ነው። እኔ የምለው አነስተኛውን በበለጠው ሚዛን ብቻ አንመዝን ነው። የእንግሊዙ ስቲቭ ሃርሚሰንም የዚሁ ዕጣ ሰው ነበር። በመጋቢት 2004 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ 12 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት 7 ዊኬት ወስዶ ዌስት ኢንዲስ በ47 ነጥብ አለቀች፤ በዚያው ዓመት የዓለም አንደኛ ወርዋሪ ተባለ። በኅዳር 2006 ደግሞ የአሽስን የመጀመሪያ ኳስ ብሪስበን ላይ ሲወረውር ኳሷ መቺውን ትታ ርቆ የቆመው አምበሉ እጅ ገባች። ዓለም የሚያስታውሰው ያቺን ኳስ ነው። ሃርሚሰን በኋላ በጉዞ ላይ የቤቱ ናፍቆትና ድባቴ ያሠቃዩት እንደነበር ተናግሯል። ስንሥቅበት የነበረው የታመመ ሰው ነበር።

የእህት ልጅ፦ ጆንሰንስ? ልቡን በኋላ እናየዋለን ብለው ነበር።

አጎት፦ አሁን እንየው። በኅዳር 2014 ፊሊፕ ሂዩዝ የተባለው ወጣት የአውስትራሊያ መቺ ሲድኒ ላይ በአገር ውስጥ ጨዋታ ነጥራ የተነሣች ኳስ አንገቱን መታችው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። የጆንሰን የቡድን ጓደኛ ነበር። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አደሌይድ ላይ ከሕንድ ጋር ሲጫወቱ ቪራት ኮህሊ ገባ። ጆንሰን የወረወራት የመጀመሪያዋ ኳስ የኮህሊን ራስ መከላከያ መታችው። ከዓመት በፊት ቢሆን ፊቱን አጥቁሮ ያፈጥበት ነበር። ያን ቀን ግን ደንግጦ ወደ ኮህሊ ሄደ፤ ጓደኞቹም ተሰብስበው ደህና መሆኑን ጠየቁ። ኮህሊ አልተጎዳም፤ በዚያ ጨዋታ በሁለቱም ተራ ከመቶ በላይ ነጥብ አስቆጥሯል፤ 115 እና 141። ጆንሰን ግን ከሂዩዝ ሞት ወዲህ ያቺን ኳስ እንደ ቀድሞው መወርወር እንደከበደው በኋላ ተናግሯል።

የእህት ልጅ፦ ልብ የለውም የተባለው ሰው!

አጎት፦ አየሽ? በመጋቢት 2015 የዓለም ዋንጫን ሜልበርን ላይ ከ90 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ከቡድኑ ጋር አነሣ፤ በፍጻሜው 3 ዊኬት የእርሱ ነበር። ኅዳር ላይ ፐርዝ ከኒውዚላንድ ጋር ሲጫወት በመጀመሪያው ተራ 157 ነጥብ ተቆጠረበት፤ የወሰደው ዊኬት አንድ። ጨዋታው ሲያልቅ የቀድሞው ጉጉት በውስጤ የለም ብሎ በ34 ዓመቱ ተሰናበተ። ከጡረታ በኋላ ደግሞ ድባቴ እንዳለበት፣ ከወጣትነቱም ጀምሮ አብሮት የኖረ እንደሚመስለው በአደባባይ ተናገረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘፍንበት ማንም አላወቀለትም።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር ይከብደኛል። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ብነግራቸው፣ ሰነፉም «እኔም እንደ ጆንሰን ነኝ፣ ታገሡኝ» ይለኛል። በምን እለየዋለሁ?

አጎት፦ ከሜዳ ሲወጣ በሚሠራው። ጆንሰን ውሉን ሲያጣ መኪና እየነዳ ጀርባውን አዳነ። ጣቱ ሲጎዳ ሰውነቱን ገነባ። ከቡድን ሲቀነስ ወደ ሊሊ ሄዶ በ31 ዓመቱ እንደ ልጅ ከመንደርደር ጀመረ። ሰነፍ ሲያርፍ ያርፋል። ሲወድቅም ሲነሣም ሥራውን ያላቆመ ልጅ ካለሽ ችግሩ ስንፍና አይደለም፤ ሌላ ቦታ ፈልጊው። ክንዱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የሰጠሽው ድርሻ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያልነገረሽ ሕመም ሊሆንም ይችላል።

የእህት ልጅ፦ ስለዚህ እንደገና አስቀምጠው ይሉኛል?

አጎት፦ ስታስቀምጪው ለምን እንደሆነ ንገሪው፤ ምን ሠርቶ መመለስ እንደሚችልም ንገሪው። ሲመለስ ደግሞ ጎኑ ላይ የረጉ ልጆችን አሰልፊለት፤ ለእነርሱም ምስጋናቸውን አትንፈጊ። ጆንሰን ሲሰናበት ከእርሱ በላይ የቴስት ዊኬት የነበራቸው አውስትራሊያውያን ዋርን፣ መግራዝና ሊሊ ብቻ ነበሩ። አራተኛው ሰው ብሪስበን ላይ ዜሮ ይዞ የወጣው ነው። የሰውን ልጅ በአንድ ክፉ ቀኑ ፈርዳችሁ አታሰናብቱ፤ ለአሠልጣኞች ሁሉ የምለው ይህንን ነው።